ግማሽ ብርሃን፣ ግማሽ ቁስ፣ በመተማ ሙቀት

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። ፎርም ሞላሁ፣ ጋቢ ደረቡልኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "እንዴት ነው ዕረፍቱ?" ይለኛል። የምን ዕረፍት? ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ፣ ልሰናበት ጥቂት ሲቀረኝ ሰምቼው የማላውቅ ነገር ሰማሁ። ከዚያ ጀምሮ ልቤ እንደተሰቀለ ነው። ፖላሪተን ይሉታል። ግማሹ ብርሃን ነው፣ ግማሹ ቁስ። ሁለቱ ተጋግዘው ያበጁት አዲስ ፍጥረት ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሰምቶ የሚያርፍ ሰው ካለ የፊዚክስ መምህር አልነበረም።

የነገረችኝ ተማሪዬ የሺ ናት። የነገረችኝ ደግሞ ፊዚክስን ትታ ባንክ ልትገባ በወሰነችበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እሷ ትቀራለች ወይስ ትሄዳለች በሚል ሐሳብ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ጻፍ ብላችሁ የወተወታችሁኝ ወዳጆቼ ታገሡኝ፤ ከአብደራፊ እጀምራለሁ፣ የምደርሰው ግን እሷ ጋ ነው።

ቆላው አብደራፊ ስመደብ የመጣሁበት የደባት ብርድ ገና ከአጥንቴ አልወጣም ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው፤ ትራክተሩና የቀን ሠራተኛው መንገዱን ሞልቶታል፣ እኔ ሹራብ ለብሼ ከመኪና ወረድኩ። ያልሳቀብኝ አልነበረም። ከሳቁት አንዱ ጋሽ ስንታየሁ ነበሩ፤ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የፊዚክስ መምህር፣ የጎጃም ሰው፣ ቀጭን፣ ረጅም። ሻንጣዬን ተቀብለው ቤታቸው የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው። "ሹራቡን ለልጅ ልጅህ አስቀምጥለት" አሉኝ በመንገድ ላይ።

ቤተ ሙከራ የምንለው አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ውስጡ ጥቂት ሌንስ፣ ማግኔት፣ የተሰነጠቀ ፕሪዝምና ብዙ የትራክተር ብሎን አለ። ብሎኑን ከየጋራዡ የሰበሰቡት ጋሽ ስንታየሁ ናቸው። ሣጥኑን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ አንድም ቀን ሳይታጠቡ ሲነኩት አላየሁም። ሙከራ የሚያሳዩ ከሆነ ደግሞ በዋዜማው፣ ክፍለ ጊዜው በሚሆንበት በዚያው ሰዓት፣ ባዶ ክፍል ገብተው ለብቻቸው ይሞክሩታል። ጠዋት የሚሠራ ነገር ቀትር ላይ ሊያስቸግር ይችላል ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ያኔ ወጣት ነኝና ይህን የሽማግሌ ጥንቃቄ እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩላቸው ግን ሌላ ልማድ ነው። ሙከራውን አዘጋጅተው ከመልቀቃቸው በፊት ተማሪው ሁሉ እንዲገምት ያደርጋሉ። በአፍ አይደለም፤ በእግር። "ይቆማል የምትሉ በመስኮቱ በኩል፣ አይቆምም የምትሉ በበሩ በኩል፣ የማታውቁ ደግሞ የትም እንዳትቀመጡ" ይላሉ። ግርግሩ ሌላ ነው። ጓደኛው ወደሄደበት የሚሮጥ አለ፤ ጎበዟን ተማሪ የሚከተል አለ። ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ ይለቁታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ትክክል የገመተውን አያወድሱም። የተሳሳቱትን ለምን እዚያ እንደቆሙ ይጠይቁና ምክንያቱ ደህና የሆነውን ይመርጣሉ፤ "የዛሬው ምርጥ ስህተት የእሱ ነው" ብለው በክፍሉ ፊት ይጨብጡታል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ "ሳይገምቱ ካዩ 'ድሮም አውቀው ነበር' ብለው ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ምን አስተማርኳቸው?" አሉኝ።

በዚያ ሣጥን ውስጥ ከነበሩት ሙከራዎች አንዱ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ዞሯል። በሁለት ዴስኮች መካከል ሲባጎ ይወጠራል፤ በጣም ሳይጠብቅ፣ በጣምም ሳይላላ። በወጠሩት ሲባጎ ላይ ሁለት ብሎኖች በእኩል ክር ይንጠለጠላሉ። ክሩ የሚለካው እስከ ብሎኑ ጫፍ ሳይሆን እስከ ወገቡ ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሁሉም ነገር ይበላሽበታል። አንዱን ብሎን ብቻ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። ይወዛወዛል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው እየደከመ ይሄድና ቀጥ ይላል። ጎረቤቱ በዚያው ልክ እየበረታ ይመጣና የእሱን ውዝዋዜ በሙሉ ይወስዳል። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይሰጠዋል። እንዲህ ሲቀባበሉ ይኖራሉ። ክሮቻቸው እኩል ካልሆኑ ግን ቅብብሉ ጎዶሎ ነው፤ አንዱ ከሚሰጠው ሌላው ጥቂቱን ብቻ ወስዶ ይመልስለታል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ያንን ጸጥታ ለመስማት ስል ብቻ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ።

ከአብደራፊ ወደ አብርሃ ጅራ ተዛወርኩ። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ሽንፈት እዚያ ነው የደረሰብኝ። አለቃዬ ርእሰ መምህር ተስፉ ይባላሉ፤ ነገር ቶሎ የሚሞቃቸው፣ ቶሎም የሚበርዳቸው ሰው ናቸው። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ከየትምህርት ቤቱ አይተው ለአንዱ እውነተኛ ቤተ ሙከራ ይሠሩለታል ተባለ። እኔ ትንሽ ቀይ ሌዘር አግኝቼ ነበር፤ ከውስጡ ብርሃኑን የምታወጣው የሩዝ ፍሬ የማታህል ሴሚኮንዳክተር ናት። መስታወት በጭስ አጥቁሬ፣ በምላጭ ሁለት ስስ ጭረት አወጣሁበት። ሌዘሩ በሁለቱ ጭረቶች ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ቀይና ጥቁር መስመር ይደረድራል፤ ብርሃን ማዕበል እንደሆነ በዓይን የሚታይበት ነው። እንግዶቹ ጠዋት ይደርሳሉ ተብሎ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ደጋግሜ ሞከርኩት። እንደ ጥለት ያምር ነበር።

መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀትር ላይ ደረሱ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል። እንግዶቹ ተቀመጡ፣ ተማሪዎቹ ገምተው ቆሙ፣ እኔ ማብሪያውን ተጫንኩ። ግድግዳው ላይ የታየው አንድ የደበዘዘ ቀይ ነጠብጣብ ነው። መስመር የለም። ባትሪ ቀየርኩ፣ መስታወቱን ጠረግሁ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሌዘሩ ጭራሽ ጠፋ። ከሌዘሩ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ "በክፍል ሙቀት ይሠራል" የሚል ነበረበት፤ እኔም ከዚህ ክፍል የበለጠ ምን ክፍል አለ ብዬ አምኜው ነበር። የእነሱ ክፍል ሹራብ የሚለበስበት ክፍል እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ ሙከራው ሌላ ትምህርት ቤት ተሠራ። ርእሰ መምህሩ ሳይቆጡኝ ቀሩ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዶቹን እስከ መኪናቸው ሸኝተው ሲመለሱ ብቻቸውን ቆመው ያንን ባዶ ግቢ ሲያዩት አየኋቸው፤ ቅስሜ ተሰበረ።

ቀጥሎ የተዛወርኩት ሽንፋ ነው፤ የሺን ያገኘኋት እዚያ ነው። ደቃቃ ናት፣ ግን ስትናገር ሁሉም ዞሮ ያያታል። በብሎኖቹ ሙከራ ጊዜ ሁለተኛው ብሎን አይነቃነቅም ብላ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ተሳሳተች። የዕለቱ ምርጥ ስህተት የእሷ ነው ብዬ ልጨብጣት ስጠጋ እጇን አልሰጠችኝም። ዓይኗ ብሎኖቹ ላይ ነው።

"ቲቸር፣ አሁን ሁለቱም እኩል እየተወዛወዙ ነው" አለች። "በዚች ሰዓት ውዝዋዜው የማን ነው?"

"የሁለቱም" አልኳት።

"የሁለቱም ከሆነ እንግዲያ የአንዳቸውም አይዶለም።"

ደስ አለኝ።

አባቷ አያ ታከለ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። ልጃቸው ውጤቷ እንዲያ ሲያምር የጤና ትምህርት እንድትማር ቆረጡ። እሷ ፊዚክስ አለች። እኔ ሳልጠራ ሄጄ ደጃቸው ተቀመጥኩ።

"መምህር፣ ሐኪም ብትሆን ታመመ የተባለን ታድናለች። ይኸ ፊዚክስ ምን ያደርጋል?" አሉኝ።

ስለ ስልክ ነገርኳቸው፣ ስለ ፀሐይ ኃይል ነገርኳቸው፣ ስለ ራጅ ነገርኳቸው። አፌን ሞልቼ ሥራ አታጣም አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ "እንግዲህ እርስዎ ካሉ ተማም" አሉኝ፤ በድንበሩ ንግድ የለመዱት የሱዳን ቃል ነው፣ ይሁን ማለታቸው ነው። ያቺ ቃል ከዚያ ወዲህ ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ቀረች። የሺ ፊዚክስ ተማረች፣ በማዕረግ ተመረቀች፣ ሥራ ግን አላገኘችም። ቤት ከመዋል ብላ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመረች።

እንግዲህ በመጨረሻው ዓመቴ፣ መተማ ዮሐንስ ሆኜ፣ ለፋሲካ ቤተሰብ ጥየቃ መጥታ ትምህርት ቤት ድረስ ልታየኝ መጣች። ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ባንክ ተፈትና ማለፏን ነገረችኝ። ግንቦት ውስጥ ገንዳ ውኃ ከተማ ሥራ ትጀምራለች።

"እንዲያሳምኑኝ አልመጣሁም፣ ቲቸር" አለች። "ሰው ከእኔ ሳይሰማ ልንገርዎት ብዬ ነው። አባየ እያረጀ ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ሌላ ሰው የሠራውን ነገር እደግማለሁ። አዲስ ነገር አላገኝም።"

"ምን ነበር የምትደግሚው?" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ሐዘኔን ለመሸፈን ነበር የጠየቅኳት።

እሷም ነገረችኝ። ስስ የሴሚኮንዳክተር ንጣፍ አለ፤ ከላይና ከታች መስታወት። ብርሃን በመስታወቶቹ መካከል ይታሰራል። ብርሃኑ ቁሱ ውስጥ ያለችን ኤሌክትሮን ያስነሳታል፤ ኤሌክትሮኗ ከለቀቀችው ባዶ ቦታ ጋር ጥንድ ሆና ትቆያለች። ጥንዱ ሲከስም መልሶ ብርሃን ይሆናል፤ ብርሃኑ ማምለጫ የለውምና እንደገና ጥንድ ይፈጥራል። ቅብብሉ ከመፍጠኑ የተነሣ አሁን ብርሃን ነው፣ አሁን ቁስ ነው ማለት አይቻልም። ሌላ ነገር ሆኗል። ከብርሃንነቱ ቅለትን ወርሷል፤ ከቁስነቱ ደግሞ እርስ በርስ መገፋፋትን። ብርሃንና ብርሃን ሲገናኙ ዝም ብለው ይተላለፋሉ፤ እነዚህ ግን ይጋፋሉ።

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። "ብሎኖቹ ናቸዋ" አልኳት።

"አዎ። ያን ቀን የጠየቅኩዎት ጥያቄ ነው።" ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታዋን መለሰችው። "ግን አያሳምኑኝም።"

"አላሳምንሽም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ብቻ ንገሪያቸውና ሂጂ።"

በማግስቱ ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ ክፍል ገባች። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። ብሎኖቹን ሰቅላ፣ አስገምታ፣ አሳየቻቸው። ከዚያ ስለ ፖላሪተን ነገረቻቸው። ንጣፉ ዝም ብሎ ሜዳ እንዳይሆን ጥቃቅን ምሰሶዎች አድርገው ይቀርጹታል፤ የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶውን ተደግፎ በየሂላው፣ በየክምሩ ማለት ነው፣ በረድፍ እንደሚቆም፣ ምሰሶዎቹም በረድፍ ይቆማሉ። ፖላሪተኖቹ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይዘላሉ። አደራደሩን በመለወጥ በሌላ ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያደርገውን፣ በዓይን የማይታየውን ነገር፣ እዚህ በብርሃን አስመስሎ ማየት ይቻላል። ሲበዙ ደግሞ ሁሉም እኩል እርምጃ ይጀምሩና ምሰሶዎቹ አንድ ላይ ሌዘር ይሆናሉ፤ ከተለመደው ሌዘር ባነሰ ጉልበት።

"ድሮ እጅግ ካልቀዘቀዘ አይሆንም ነበር" አለች። "ሙቀት ጥንዱን ይበታትነዋል። አሁን ጥንዱ አጥብቆ የሚይዝባቸው ቁሶች ስለተገኙ በክፍል ሙቀት ይሠራል።"

ከፊት ወንበር ሐያት የምትባል ተማሪ በደብተሯ ራሷን እያራገበች እጇን አወጣች።

"የየትኛው ክፍል? የዚህ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም በደብተር እየተራገበ ነው። የሺም መሳቅ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ አቆመች። እኔ የአብርሃ ጅራው ግድግዳ በዓይኔ መጣብኝና ወንበሬን ጨበጥኩ። የሺ ሰሌዳው ጎን የሰቀልኩትን ቴርሞሜትር ዞራ አየች። አርባ ሦስት ዲግሪ ይላል።

"ኮምፒውተሩ ላይ ያስገባሁት ሃያ አምስት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሁሉም የሚያስገባው ሃያ አምስት ነው።"

ተነሥቼ፣ "ገምቱና ቁሙ" አልኩ። የፖላሪተኑ ሌዘር በዚህ ሙቀት ይበራል የሚሉ በበሩ በኩል፣ ይጠፋል የሚሉ በመስኮቱ በኩል። ወንበር እየተገፋ ሁሉም ተሯሯጠ። እኔ ልቤ እየፈለገው ይበራል ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። የሺ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ሙቀቱ ጥንዱን ይበታትነዋል ብላ። ቆመን ተያየን። ከዚያ ግን የምንለቀው ብሎን፣ የምንጫነው ማብሪያ አልነበረንም። በሥራ ዘመኔ ተማሪ አቁሜ መልሱን ሳላውቅ ያሰናበትኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ደወሉ ተደወለና ወጡ። ያ ደስታ ምን እንደሚባል አላውቅም።

የሺ "ዕቃዬን ላምጣ" ብላ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄደች። በዚያው ቀረች። ሳምንት አለፈ፣ ደግሞ ሳምንት። ስልኳን አንዳንዴ ታነሣለች፣ "እየሠራሁ ነው" ብላ ትዘጋዋለች። የባንኩ ቀን ሲቃረብ አያ ታከለ ከሽንፋ ደወሉልኝ።

"መምህር፣ ልጂቱን ምን አሏት?"

"ምንም አላልኳትም፣ አያ ታከለ። ተማሪ ጥያቄ ጠይቃት ነው።"

"ባንኩ ሰኞ ነይ ብሏታል። እሑድ ይምጡልኝ። ተኔ ቤት ሆነን አብረን እንደውልላት። ያኔ እርስዎ ነዎት ያሉት፤ አሁንም እርስዎ ይንገሯት።"

ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው? ልክ ናቸው። ያን ሰሞን ልጅቷን ሄዳ ባንክ እንድትገባ የምመክረው እኔ ልሆን ነው እያልኩ ስገላበጥ ከረምኩ። እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚወጣበት ሰዓት ሽንፋ ደረስኩ። አያ ታከለ አጎዛ አንጥፈው፣ ስልካቸውን መሐል አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

ገና አንዴ ሳይጠራ አነሣችው።

"አባየ፣ ልደውልልህ ነበር።"

"መምህርም እዚሁ አሉ" አሏት፤ በዓይናቸውም ጀምሩ አሉኝ።

እኔ ልጀምር ስል ቀደመችኝ። "ቲቸር፣ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ላይ አርባ ሦስት ሳደርገው ጭልም አለ።"

የወደቅኩ መሰለኝ። "ጥንዱ ተበታተነ ማለት ነው?" አልኳት።

"እኔም እንዲያ ነበር የገመትኩት። አይደለም። ጥንዱ አለ፤ ደህና ነው። ሙቀቱ ያደረገው የጥንዱን ጉልበት በጥቂቱ መለወጥ ነው፤ ስለዚህ ከብርሃኑ ጋር እኩል መሆኑ ቀረ። የአንዱ ብሎን ክር እንዳጠረ ያህል ነው፤ ቅብብሉ ጎደለ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።" ትንፋሿ ይቆራረጣል። "እንግዲያ የብርሃኑን ጉልበት ባስተካክለውስ ብዬ መስታወቶቹን በጣም በትንሹ አቀራረብኳቸው። በእኛ ሙቀት ልክ ሠራሁት። በራ፣ ቲቸር። በአርባ ሦስት በራ። ሃያ አምስት ላይ ስመልሰው ግን ጠፋ። መተማ የሚበራ፣ እነሱ ክፍል የማይበራ ሌዘር ነው።"

ዕንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

አያ ታከለ ግራ ገብቷቸው አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። "ይኸ የምትይው ነገር ለሰው የታወቀ ነው?" አሏት።

"አማካሪዬ ገና አልሰማም፤ ነገ ነው የምነግረው። እስከዛሬ በአርባ ሦስት ለክቶ የጻፈ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ለጊዜው የምናውቀው እኔ፣ አንተና ቲቸር ነን።"

አያ ታከለ ስልኩን እንደማቀፍ ብለው ከአጎዛው አነሡትና ወደ አፋቸው አስጠጉት።

"ባንኩንስ ምን እንበለው?" ብዬ እኔው ጠየቅሁ፤ ይህን እንድል ነበርና የተጠራሁት።

"ተዉት፤ ነገ ገንዳ ውኃ ወርጄ እኔው እነግራቸዋለሁ" አሉኝ።

"ምን ብለው?"

"ልጄ ሥራ ላይ ናት እላለሁ።"